ምሩጽ መቼ እንደሚፈተለክ ማን አጣው? («ሰውነት አይዋሽም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ)

«ሰውነት አይዋሽም» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። እኔም አነበብኩት። እውነት ለመናገር ይጥማል። ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም እንጂ ስፖርት ወዳድ መሆናቸው ያስታውቃል።

ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው። ስፖርተኛ ቀጥሎ የሚያደርገውን ነገር ሳያውቀው በሰውነቱ ይናገራል። ቴኒስ ተጫዋቹ በምላሱ፣ ፍጹም ቅጣት ምት መቺው በዓይኑ፣ ሯጩ በፊቱና በአንገቱ። ያንን ያነበበ ያሸንፋል። ማንበቡን ደግሞ ቪዲዮ ደጋግሞ ያየ ሁሉ ይችለዋል። ስለዚህ የእኛ ሯጮች ፊታቸውን ደብቀው መሮጥ ይማሩ፤ ፌዴሬሽኑም የተጋጣሚን ሰውነት የሚያነብ ባለሙያ ይቅጠር።

መነሻው ላይ አልጣላም። ሰውነት ይናገራል። ጠቤ ከዚያ በኋላ ካለው ጋር ነው። ጸሐፊው ማወቅንና ማሸነፍን አንድ አድርገዋቸዋል። በሁለቱ መካከል ግን ጊዜ አለ፣ ጉልበት አለ፣ እያወቀ የሚሸውድህ ሰውም አለ። በየነጥቡ ልሂድበት። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጸሐፊው የጀመሩት ከቴኒስ ተጫዋቹ ከቦሪስ ቤከር ምላስ ነው። ታሪኩን ለማያውቅ ላውራው። አንድሬ አጋሲ ከቤከር ጋር ያደረጋቸውን የመጀመሪያ ሦስት ግጥሚያዎች ተሸነፈ። የቤከር ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) አልቻል አለው። ከዚያ የቤከርን ጨዋታዎች በቪዲዮ እየመላለሰ አየ። አንድ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ። ቤከር ሰርቭ ሊመታ ሲል ምላሱን ብቅ ያደርጋል። ምላሱ በከንፈሩ መሃል ከወጣች ኳሱ ወደ መሃል ወይም ወደ ተቀባዩ አካል ይመጣል። ወደ ጎን ካደረጋት ደግሞ ወደ ውጭ ይሄዳል። ይህን ያወራው አጋሲ ራሱ ነው፣ መጫወት ካቆመ በኋላ። ጽሑፉም ከዚህ ተነስቶ «ምላሱን ያየ ቤከርን ጣለ» ይላል።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ሁለቱ በጠቅላላ 14 ጊዜ ተገናኝተዋል። አጋሲ 10 አሸነፈ፣ ቤከር 4። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት በኋላ ቤከር ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይሄ ለጸሐፊው ይመቻል፣ አልክድም። ግን ያቺ አንዷ የትኛዋ ናት? የ1995 የዊምብልደን ግማሽ ፍጻሜ ናት። አጋሲ የመጀመሪያውን ሴት (የግጥሚያውን አንድ ክፍል) 6 ለ 2 ወሰደ። በሁለተኛው ሴትም 4 ለ 1 እየመራ ነበር። ቤከር ከዚያ ተነስቶ ሦስት ሴት አከታትሎ ወሰደና ለፍጻሜ አለፈ። በአጋሲ አተራረክ ከሄድን ያኔ የምላሷን ምስጢር ካወቀ ቆይቷል። ዊምብልደን ግን ሣር ነው። ሣር ላይ ኳስ ዝቅ ብሎ ይፈጥናል። ኳሱ ወዴት እንደሚመጣ ማወቅ ሌላ፣ እዚያ ደርሶ መመለስ ሌላ።

ጽሑፉ የታሪኩን ምርጥ ክፍል ደግሞ ጭራሽ ዘሎታል። አጋሲ እንዳለው ከባዱ ነገር ምላሱን ማንበብ አልነበረም። ከባዱ ማንበቡን መደበቅ ነበር። ሁሉንም ሰርቭ አስቀድሞ እየጠበቀ ቢመልስ ቤከር ይነቃል። ከነቃ ምላሱን ይሰበስባል፣ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል። ስለዚህ አጋሲ አብዛኛውን ጊዜ እያወቀ እንዳላወቀ ሆነ። ያወቀውን የሚያወጣው ግጥሚያውን የምትወስን ነጥብ ስትመጣ ነው። ለቤከር የነገረውም ሁለቱም ከውድድር ከወጡ በኋላ፣ ኦክቶበርፌስት በሚባለው የጀርመን የቢራ በዓል ላይ ቢራ እየጠጡ ነው። ቤከር ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ለካ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ «ይሄ ሰውዬ ሐሳቤን ያነበዋል» ይላት ነበር።

ልብ በሉ፣ እዚህ ጋ ሰውነቱን መቆጣጠር የነበረበት አንባቢው ነው። አጋሲ እግሩ ቀድሞት እንዳይሄድ እየያዘ ነው የተጫወተው። በዚያ ላይ በቴኒስ ታሪክ ሰርቭ በመመለስ ከሚጠቀሱት ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ያቺን ምላስ ለተራ ተጫዋች አሳዩት። ኳሱ ወዴት እንደሚያልፈው እያወቀ ያልፈዋል።

ቀጣዩ ነጥብ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ጸሐፊው «በረኛው የመቺውን ዓይን ይይ፤ ዓይን ኳሱን ይቀድመዋል» ይላሉ። ይህን ምክር ሰምቶ ግብ ላይ የቆመ በረኛ ወዮለት።

መጀመሪያ ጊዜውን እናስላ። ኳሱ ያለው ከግቡ 11 ሜትር ላይ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከተመታ ለመድረስ 0.4 ሴኮንድ አካባቢ ይበቃዋል። በጣም ጠንካራ መቺ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከግቡ መሃል እስከ ቋሚው 3.66 ሜትር ነው። ኳሱ ከእግር ሲለቅ አይቶ፣ ወስኖ፣ ተወርውሮ እዚያ ጥግ መድረስ ለሰው ልጅ በጣም ጠባብ ጊዜ ነው። ስለዚህ በረኛ ኳሱ ከመመታቱ በፊት ወይም ሲመታ መነሳት አለበት። ለመነሳት ደግሞ የሆነ ነገር ማየት አለበት። ምኑን ይይ?

በረኞች ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ የሚመዘግብ መሣሪያ አድርገው የተሞከሩባቸው ጥናቶች አሉ። ጀማሪዎቹ የመቺውን ደረት፣ እጅና ወገብ ሲያዩ ይገኛሉ። ልምድ ያላቸው ግን መቺው ወደ ኳሱ ሲቃረብ ዓይናቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የሚመታውን እግር፣ ቆሞ የሚቀረውን እግርና ኳሱ ያለበትን ቦታ ያያሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀኝ እግረኛ መቺን አስቡት። ተንደርድሮ መጥቶ ግራ እግሩን ኳሱ አጠገብ ይተክላል። ያ የተተከለ እግር ጣቱ ብዙ ጊዜ ኳሱ ወደሚሄድበት ያያል። ወገቡም አብሮ ይከፈታል ወይም ይዘጋል። ሰውነቱን አሻግሮ ወደ በረኛው ቀኝ ሊመታ ሲል ወገቡ ይዘጋል። ወደ በረኛው ግራ ሊያስቀምጠው ሲል ወገቡ ይከፈታል፣ ጎኑም ገለጥ ይላል። ይህ የመርሳት ወይም የመዝረክረክ ጉዳይ አይደለም። እግርን ወደ አንድ አቅጣጫ ተክሎ ኳስን ወደ ሌላ አቅጣጫ አጠንክሮ መምታት ከባድ ስለሆነ ነው።

እና በረኛው እግሩን አይቶ ይወርወራ! ችግሩ ያ እግር የሚተከለው ኳሱ ሊመታ ከሴኮንድ ሩብ የማይበልጥ ጊዜ ሲቀረው ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቀደም ብሎ የሚታይ ምልክት ሊዋሽ ይችላል። የማይዋሸው ምልክት ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል። ጸሐፊው «ሰውነት አይዋሽም» ሲሉ ይህን ልዩነት አላዩትም። ዓይን ከሁሉ ቀድሞ የሚታይ፣ ለመዋሸትም ከሁሉ የሚረክስ ምልክት ነው። ወደ ግራ አይቶ ወደ ቀኝ መሸወድን የሰፈር ልጅ ሁሉ ይችልበታል። ሮናልዲንሆ ፊቱን አዙሮ ኳሱን ወደ ሌላ ሲልክ ስንት ተከላካይ ነው ዞሮ የቀረው?

ጭራሽ ደግሞ ዓይንና ጭንቅላትን አለማየት ራሱ ከባድ ነው። ጀርመን ውስጥ በቅርጫት ኳስ ማታለያ ላይ ሙከራዎች ተሠርተዋል። ተሳታፊዎቹ ኳሱ ወዴት እንደሚወረወር ብቻ እንዲመልሱ ይጠየቃሉ። የወርዋሪውን ጭንቅላት ችላ እንዲሉትም ይነገራቸዋል። ጭንቅላቱ ወደ ሌላ ሲዞር ግን መልሳቸው ይዘገያል። እያወቁ ይሸወዳሉ ማለት ነው። የቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች ተከላካይን «እምብርቱን እይ» የሚሉት ለዚህ ነው። ሰው ዓይኑን ጥሎህ ሊሄድ ይችላል፣ እምብርቱን ጥሎ ግን የትም አይሄድም።

ጽሑፉ የረሳው ሌላም ነገር አለ። በረኛውም ይነበባል። የጣሊያኑን ጆርጂንሆን አስታውሱ። ተንደርድሮ ይመጣል፣ ኳሱ ጋ ሲደርስ ዘለል ይላል፣ በዚያች ቅጽበት በረኛውን ያያል። በረኛው ከተንቀሳቀሰ በሌላው በኩል ያስቀምጠዋል። ለብዙ ጊዜ ሠርቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ግን የእንግሊዙ በረኛ ጆርዳን ፒክፎርድ ቶሎ አልተንቀሳቀሰለትም። ጆርጂንሆ የሚያነበው ነገር አጣ። ኳሱን መታ፣ ፒክፎርድም አዳነ። (ዋንጫውን ጣሊያን መውሰዷን ሳልረሳ።) በዚያች ምት ማን ነው አንባቢው፣ ማን ነው ተነባቢው?

286 ፍጹም ቅጣት ምቶችን የመረመረ አንድ የታወቀ ጥናትም አለ። ከመቺዎቹ 28.7 በመቶው ወደ መሃል መትተዋል። በረኞቹ መሃል ላይ የቆዩት ግን 6.3 በመቶ ጊዜ ብቻ ነው። በረኛ ቆሞ ግብ ከሚገባበት ተወርውሮ ቢገባበት ይሻለዋል፤ ቢያንስ ሞክሯል ይባላል። ፓኔንካ በ1976 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በረኛውን ሴፕ ማየርን ጥሎ ኳሷን ቀስ አድርጎ መሃል ላይ ያስቀመጠው የበረኛን ጠባይ አውቆ ነው። የማየርን ፊት ማየት አላስፈለገውም።

የጀርመኑን በረኛ የየንስ ሌማንን ወረቀት በተመለከተ ጸሐፊው ነገሩን ገልብጠውታል። ወረቀቱን «ሰውነትን ለማንበብ ምርጥ ማስረጃ» ብለውታል። የሆነው እንዲህ ነው። በ2006 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ በርሊን ላይ ጀርመንና አርጀንቲና በመለያ ምት ተገናኙ። የበረኞች አሰልጣኙ አንድሪያስ ኮፕከ የአርጀንቲናን መቺዎች ልማድ በሆቴል ወረቀት ላይ ጽፎ ለሌማን ሰጠው። ሌማን ወረቀቱን ካልሲው ውስጥ ሸጎጠው። ከየምቱ በፊት እያወጣ ያያል። የአያላን አዳነ፣ ከዚያ የካምቢያሶን አዳነ፣ ጀርመን 4 ለ 2 አለፈች።

ይሄ መዝገብ ነው እንጂ የሰውነት ንባብ አይደለም። ሰውዬው ከዚህ በፊት የት የት መታ የሚል ማስታወሻ ነው። የሚገርመው ደግሞ የካምቢያሶ ስም ወረቀቱ ላይ አልነበረም! ሌማን ግን ወረቀቱን አወጣ፣ ትክ ብሎ አየው፣ መልሶ ሸጎጠው። ካምቢያሶ ከፊቱ ቆሞ ይህን ሁሉ ያያል። ምን አሰበ ይሆን? ለእኔ እዚያች ቦታ ላይ የሠራው ባዶው ወረቀት ነው።

ይህን ከአጋሲ ጋር አስተያዩት። አጋሲ ማወቁን ደበቀ። ሌማን አለማወቁን ደበቀ። ሦስተኛም አለ፣ ማወቁን ያወጀ። የ2008 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ሞስኮ፣ ማንቸስተር ዩናይትድና ቼልሲ። ኢግናሲዮ ፓላሲዮስ ሁዌርታ የሚባል የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ስለ ዩናይትዱ በረኛ ስለ ኤድዊን ቫን ደር ሳር ያጠናውን ለቼልሲ ልኮ ነበር። የቼልሲ መቺዎች አብዛኞቹ ወደ ቫን ደር ሳር ግራ መቱ። ተራው የኒኮላ አኔልካ ሆነ። ቫን ደር ሳር ይሄኔ ነቅቷል። እጁን ዘርግቶ ወደ ግራው ጠቆመ። «እዚህ ነው አይደል የምትመታው?» ነው ነገሩ። አኔልካ አቅጣጫ ቀየረ። ወደ ቀኝ መታ፣ ቫን ደር ሳርም ወደ ቀኝ ተወርውሮ አዳነ። ዋንጫው ወደ ማንቸስተር ሄደ። በዚህ ሁሉ መሃል የአኔልካ ሰውነት ምን ተናገረ? ምንም። በረኛው ራሱ ነው በግድ ያናገረው።

«ቪዲዮ ያየ ሁሉ ይማረዋል» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። በ2008 ሮም ውስጥ በሳልቫቶሬ አግሊዮቲ የተመራ ቡድን የቅርጫት ኳስ ሙከራ ሠራ። የነጻ ምት ቪዲዮ እያሳዩ በተለያየ ቅጽበት ያቆሙታል። ገባ ወይስ አልገባም ብለው ይጠይቃሉ። የተጠየቁት ተጫዋቾች፣ አሰልጣኞችና የስፖርት ጋዜጠኞች፣ እንዲሁም ተራ ሰዎች ናቸው። ተጫዋቾቹ ኳሱ ከእጅ ሳይለቅ፣ ከሰውነቱ እንቅስቃሴ ብቻ፣ ከሁሉም የተሻለ ገመቱ። አሰልጣኞቹና ጋዜጠኞቹ ያን ያህል ዘመን ሲያዩ ኖረው በዚያች ቅጽበት ተጫዋቾቹን አልደረሱባቸውም። ለእንደኔ ዓይነቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚተነትን ሰው ደስ የሚል ዜና አይደለም። ግን እውነት ነው፤ ያላደረግከውን እንቅስቃሴ በዓይን ብቻ ማንበብ ወሰን አለው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የጄኒ ፊንችን ነገር ሳትሰሙ አትቀሩም። የሶፍትቦል (ቤዝቦልን የሚመስል ጨዋታ) ወርዋሪ ናት። በ2004 በአንድ የወዳጅነት ጨዋታ የቤዝቦል ኮከቦችን ፊቷ አቆመቻቸው። አልበርት ፑሆልስን የሚያክል ሰው ኳሷን መንካት አቃተው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ የወርዋሪ ትከሻና ክንድ ሲያነቡ የኖሩ ናቸው። ፊንች የምትወረውረው ግን ክንዷን ከታች አዙራ ነው። የለመዱት ምልክት ሁሉ ጠፋ፣ ዓይናቸውም አብሮ ጠፋ። ንባቡ ለአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ የተገራ ነው እንጂ የትም ይዘኸው የምትዞረው ጥበብ አይደለም።

አሁን ወደ እኛው ነገር ልምጣ፣ ወደ ሩጫ። ጽሑፉም የሚሞቀው እዚህ ነው። ጸሐፊው «ወደ ኋላ ያየ ሯጭ ተሸንፏል፣ ፊቱን ያጨማደደ ሯጭ አልቆለታል» ይላሉ። ስለዚህ ይህን ያወቀ ተጋጣሚ የእኛን ልጆች ያሸንፋል ባይ ናቸው።

ፊት? ኤሊውድ ኪፕቾጌ ሕመሙ ሲበረታበት ፈገግ ይላል። ሆን ብሎ ነው፤ ራሱም ተናግሯል። ፈገግታውን አይቶ «ተመችቶታል» ያለ ተሳሳተ፣ «ደክሞታል» ያለም ርቀቱን በፍጥነት ሲጨርስ ያየዋል። የሃይሌን ግራ ክንድ ደግሞ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። በልጅነቱ ደብተር ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ትምህርት ቤት ሲሮጥ የቀረበት ነው። ሲሮጥ ያቺ ክንድ ቆልመም ትላለች። ምን ትናገራለች? ስለ ቀጣዩ ዙር ምንም አትናገርም። የሰውነት ጠባይ ሁሉ መልእክት አይደለም። ወደ ኋላ ማየትም እንደዚያው ነው። አንዳንዱ ፈርቶ ያያል፣ አንዳንዱ ስንት ሰው እንደቀረ ሊቆጥር ያያል፣ አንዳንዱ ለቡድን ጓደኛው ያያል።

ይህን ሁሉ ትቼ ልስማማላቸው። ተጋጣሚ የእኛ ሯጭ መቼ እንደሚወጣ በትክክል አወቀ እንበል። ከዚያስ?

ምሩጽ ይፍጠርን «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኘው ምን ነበር? በመጨረሻ ላይ በድንገት መፈትለኩ። ሞስኮ ላይ ይህ ለማንም ምስጢር አልነበረም። በ1977ም በ1979ም የዓለም ዋንጫ ላይ 5,000 እና 10,000 ሜትርን ደርቦ አሸንፏል። በ1980 ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ የቡድን ጓደኞቹ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ከእሱ ጋር እየተፈራረቁ ፍጥነቱን ሲያወጡና ሲያወርዱ ቆዩ። 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ምሩጽ ማርሽ ቀየረ። ላሴ ቪረንን የሚያክል የአራት ኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት እዚያው ነበር፣ አምስተኛ ወጣ። ከቀናት በኋላ በ5,000 ሜትርም ምሩጽ ያንኑ ደገመው። በመጀመሪያው ያላወቀ በሁለተኛው አውቋል። ምን ዋጋ አለው! እግር ከሌለህ ማወቅህ የሚጠቅምህ ከኋላ ሆነህ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ለማንበብ ነው።

ሃይሌና ኬንያዊው ፖል ቴርጋትም እንደዚያው ናቸው። የሃይሌ አጨራረስ የዓለም ሁሉ ወሬ ነበር። በ1996 አትላንታ ቴርጋት መልሱን ይዞ መጣ። ብዙ ዙር ሲቀር ፍጥነቱን አከረረ። የሃይሌን እግር ከመጨረሻው ዙር በፊት ሊያደክም ነው። ሃይሌ ተለጠፈበት፣ በመጨረሻ ጥሎት ሄደ። በ2000 ሲድኒ ቴርጋት ሌላ ዘዴ አመጣ። እኔ በበኩሌ ከዚያ የበለጠ ብልህ ሩጫ አላየሁም። ራሱን ደብቆ ቆየ። አፈትልኮ ይወጣል ተብሎ ያልተጠበቀው ቴርጋት 250 ሜትር ገደማ ሲቀር ተፈተለከ። ሃይሌ በዚያ ሰዓት ተረከዙን እያመመው ነበር የሚሮጠው። ቴርጋት እቅዱን አላሳወቀም፣ ፊቱ አላጋለጠውም፣ ሁሉንም እንደ ጸሐፊው ምክር አደረገ። ሃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሴኮንድ፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሴኮንድ። ዘጠኝ መቶኛ ሴኮንድ! የታወቀው አሸነፈ፣ የተደበቀው ተሸነፈ።

ሩጫ ላይ ሌላ ጣጣም አለ፤ ማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። በ2004 አቴንስ 5,000 ሜትር ላይ ሞሮኳዊው ሒሻም ኤል ገሩዥ የ1,500 ሜትር ሰው መሆኑን ማን አጣው? እስከ መጨረሻው ዙር ካደረሱት እንደሚያልፋቸው ግልጽ ነው። መድኃኒቱም ግልጽ ነው፣ ከመጀመሪያው ማክረር። ቀነኒሳ በዚያው ዓመት የርቀቱን የዓለም ክብረ ወሰን 12 ደቂቃ ከ37.35 ሴኮንድ አድርጎታል። ፍጻሜው ግን በ13 ደቂቃ ከ14.39 ሴኮንድ አለቀ፣ ኤል ገሩዥም ወርቁን ወሰደ። ለምን አላከረሩም? ከፊት ሆኖ የሚያከርር ሰው ነፋሱን እሱ ይበላል። ኤል ገሩዥን አድክሞ ወርቁን ከኋላው ለተለጠፈ ለሌላ ሰው ሊያስረክብ ይችላል። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። በ2008 ቤጂንግ ጥሩነሽ የ5,000 ሜትር ወርቅ በ15 ደቂቃ ከ41.40 ሴኮንድ የወሰደችው እንዲሁ ነው። ቀስ ያለ ሩጫ ለማን እንደሚመች የማያውቅ እዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም።

የብሪታንያውን ሞ ፋራህን የተነበበ ሯጭ ሊሉኝ ይችላሉ። ልክ ናቸው፣ ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንከተለው። በ2011 ዴጉ ላይ በ10,000 ሜትር ፋራህ የመጨረሻው ዙር ከመጀመሩ በፊት ወጣ። ኢብራሂም ጄይላን አልደነገጠም። እየቀረበ መጥቶ በመጨረሻው ቀጥታ ላይ አለፈው። ከዚያ በኋላ ፋራህ እቅዱን አልደበቀም። እንዲያውም አንድ ዓይነት አደረገው። ዙሮቹ ሲያልቁ ከፊት ይሆናል፣ ማንም እንዲያልፈው አይፈቅድም፣ የመጨረሻውን ዙር ያከርራል። ዓለም ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። በዚያ በታወቀ እቅድ ወርቅ በወርቅ ሆነ። በዓለም ሻምፒዮናና በኦሎምፒክ በጠቅላላ 10 ወርቅ ሰብስቧል።

በ2017 ለንደን ላይ በ5,000 ሜትር ነው የተሸነፈው። ያሸነፈው ሙክታር እድሪስ ነው፣ በ13 ደቂቃ ከ32.79 ሴኮንድ። ያኔ ዮሚፍ ቀጀልቻና ሙክታር የፋራህን ቦታ ያዙበት። በመጨረሻው ዙር ከፊት የነበሩት እነሱ ናቸው፣ ፋራህ አሳዳጅ ሆነ። ለስድስት ዓመት ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ሁለት ወጣቶች በእግራቸው መለሱለት። ዮሚፍ አራተኛ ሆኖ ከሜዳሊያ ውጪ ቀረ፣ ከላይ ያልኩት ዋጋ ማለት ይሄ ነው። ሙክታር መስመሩን ሲያልፍ የፋራህን የታወቀ የደስታ ምልክት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ አሳየ። ያ ምልክት ሳይታወቅ ያመለጠ አልነበረም፣ በደንብ ታስቦበታል።

የጸሐፊው የመጨረሻ ነጥብ ምክራቸው ነው። ስፖርተኛ ጠባዩን አንድ በአንድ ለቅሞ ያጥፋ ይላሉ። እኔ ይህን ለማንም አልመክርም። የለመደውን እንቅስቃሴ በጭንቀት ሰዓት በሐሳቡ ልቆጣጠር ያለ ስፖርተኛ ይበላሻል። ቤከርን «ምላስህን ጠብቅ» ብትሉት ሰርቩ ሊጠፋው ይችላል። የሚሻለው ሌላ ነው። የቴኒሱን ፒት ሳምፕራስን እዩት። ለሁሉም ዓይነት ሰርቭ ኳሱን የሚወረውረው አንድ ዓይነት ነበር። ወደ መሃልም ይሁን ወደ ውጭ፣ ኳሷ አንድ ቦታ ትወጣለች። ምልክቱን ደብቆ አይደለም፣ ለሁሉም ምት አንድ ዓይነት ጅማሬ ሰጥቶ ነው። ይህ ደግሞ በልምምድ ሜዳ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ውድድር ላይ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ፌዴሬሽኑ ባለሙያ ይቅጠር የሚለውስ? ለእግር ኳስ ከሆነ ይሁን። ያውም ብዙ ወጪ የለውም። የተጋጣሚ መቺዎች እስከ ዛሬ ወዴት ወዴት እንደመቱ ቁጭ ብሎ የሚመዘግብ አንድ ሰው ይበቃል። የፒክፎርድ የውኃ ጠርሙስ በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ የስዊዘርላንድን መቺዎች ዝርዝር ይዞ ነበር፣ የአካንጂንም ምት አዳነበት። ለሩጫ ግን ያ ገንዘብ ካለ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ለምሩጽ የሆኑለትን የሚሆኑ ሰዎች ቡድኑ ውስጥ ይኑሩ። ሦስት ሆነው ፍጥነቱን እንዲፈራረቁበት ተነጋግረው፣ አብረው ተለማምደው የሚገቡ። የተጋጣሚን ፊት የሚያነብ ሰው ትሪቡን ላይ ተቀምጦ የመጨረሻው 300 ሜትር ላይ ለሯጩ ምን ብሎ እንደሚጮህለት ጽሑፉ አይነግረንም።